የማስጠንቀቂያ መብራት የማይናገረው፦ ያረጀ ፕሪየስ እንዴት ይመረመራል?

በሲያትል ሰሜናዊ ምሥራቅ የሚገኘው ሌክ ሲቲ እ.ኤ.አ. እስከ 1954 ድረስ ከከተማዋ ወሰን ውጭ የነበረ ሰፈር ነው። መሐሉን ሰንጥቆ የሚያልፈው ሌክ ሲቲ ዌይ የተባለው ጎዳና ደግሞ ለአሥርተ ዓመታት የመኪና መሸጫዎች፣ የጎማ ቤቶችና የጋራዦች መንገድ ሆኖ ኖሯል። ዛሬ በዚህ ጎዳና ዳር ቆሞ የሚያልፉትን መኪኖች ለሚመለከት ሰው አንድ ሞዴል ደጋግሞ ዓይኑ ውስጥ ይገባል፤ እርሱም የቶዮታ ፕሪየስ ነው። በሲያትል ታክሲ ከሚያሽከረክሩትና በስልክ መተግበሪያ ጥሪ ተሳፋሪ ከሚያመላልሱት መካከል የኢትዮጵያውያን ቁጥር ከፍተኛ ነው። ከሌክ ሲቲ እስከ ሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው መንገድ ብቻውን ከ20 ማይል ይበልጣል። ይህን በቀን ደጋግሞ ለሚመላለስ ሰው ነዳጅ የማያባክን መኪና ማለት በወሩ መጨረሻ ኪስ ውስጥ የሚቀር ገንዘብ ማለት ነው።

ይሁንና ከእነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ አርጅተዋል። እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2009 የተሠራው ሁለተኛው ትውልድ ፕሪየስ በአሁኑ ሰዓት ወደ 20 ዓመት ተጠግቷል ወይም አልፏል። ከ2010 እስከ 2015 የተሠራው ሦስተኛው ትውልድም ቢሆን ወጣት የሚባል አይደለም። እናም አንድ ማለዳ ባለቤቱ መኪናውን ሲያስነሳ ቀይ ሦስት ማዕዘን በዳሽቦርዱ ላይ ይበራል። ጓደኛው በያዘው ትንሽ ማንበቢያ ቢያየው «ፒ0ኤ80» የሚል ኮድ ይወጣል። ኮዱን በስልኩ የፈለገ ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፦ ትልቁ ባትሪ ይቀየር። አዲሱ ባትሪ ደግሞ ከነሥራው ከ2,000 ዶላር በላይ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ አንዳንድ ጊዜ መኪናው ራሱ ከሚያወጣው ዋጋ ጋር ይስተካከላል።

መልሱ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ትክክል የማይሆንበት ጊዜም አለ፤ ሁለቱን የሚለየው ግን ኮዱ ሳይሆን ከኮዱ በኋላ የሚደረገው ልኬት ነው።

ኮዱ ምን ይላል?

እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጡ የቤት መኪኖች ሁሉ ከመሪው በታች ባለ 16 እግር ሶኬት እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳል። ማንበቢያው እዚያ ላይ ሲሰካ የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገባቸውን የብልሽት ኮዶች ያሳያል። ኮምፒውተሩ ግን የተሰበረውን ዕቃ በዓይኑ አያይም። የሚያውቀው የሴንሰሮቹን ልኬት ብቻ ነው፤ አንዱ ልኬት ከተወሰነለት ገደብ ሲወጣ ኮድ ይመዘግባል፣ መብራትም ያበራል። ነገሩ ከትኩሳት መለኪያ ጋር ይመሳሰላል። መለኪያው ታማሚው ትኩሳት እንዳለበት ይናገራል እንጂ ወባ ይሁን ታይፎይድ አይለይም። በቴርሞሜትር ብቻ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም እንደማይታመን ሁሉ፣ በኮድ ብቻ ዕቃ የሚቀይር መካኒክም ሊታመን አይገባም።

ሁለት ነገሮች እዚህ ላይ ይሳታሉ። የመጀመሪያው፣ በርካሽ የሚገኙት ማንበቢያዎች ብዙውን ጊዜ የሞተሩን ኮምፒውተር ብቻ የሚያነቡ መሆናቸው ነው። ፕሪየስ ለሃይብሪድ ሥርዓቱ፣ ለትልቁ ባትሪና ለፍሬኑ የተለያዩ ኮምፒውተሮች አሉት፤ ስለዚህ ማንበቢያው «ኮድ የለም» ቢል መኪናው ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ሁለተኛው፣ መብራቱ እንዲጠፋ ተብሎ ኮዱን ቶሎ መደምሰስ ነው። ኮምፒውተሩ ከኮዱ ጋር ብልሽቱ በተከሰተበት ቅጽበት የነበረውን ፍጥነት፣ ሙቀትና ቮልቴጅ ይመዘግባል። ኮዱ ሲደመሰስ ይህ መረጃ አብሮ ይጠፋል፤ ለጥሩ መካኒክ ግን ከኮዱ ይልቅ የሚጠቅመው እርሱ ነው።

በዋሽንግተን ስቴት ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ለውጥ አለ። ስቴቱ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ያካሂደው የነበረውን የጭስ ምርመራ በጥር 2020 አቁሟል። ፕሪየስ ቀድሞም ቢሆን ከምርመራው ነፃ ነበር፤ የአሮጌ ካምሪና የኮሮላ ባለቤቶች ግን የሞተር መብራት እየበራ ቦሎ ማደስ ይቸገሩ ነበር። አሁን የሚያስገድዳቸው የለም። መብራቱ ለወራት ሲበራ ይቆይና በጥቂት ዶላር ይታረም የነበረው ነገር ሌላ ዕቃ ይዞ ይወድቃል።

በጀርባ የተደበቀችው ትንሿ ባትሪ

የፕሪየስ ምርመራ መጀመር ያለበት ከትልቁ ባትሪ ሳይሆን ከትንሿ ነው። ፕሪየስ እንደማንኛውም መኪና የ12 ቮልት ባትሪ አላት። ሥራዋ ግን የተለየ ነው። በተለመደው መኪና ላይ ባትሪው ሞተሪኖውን አሽከርክሮ ሞተሩን ያስነሳል፤ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ዲናሞው መልሶ ይሞላዋል። ፕሪየስ ግን ሞተሪኖም ዲናሞም የለውም። የ12 ቮልቷ ባትሪ የምትሠራው ኮምፒውተሮቹን ማንቃትና የትልቁን ባትሪ ማገናኛ መዝጋት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩን የሚያስነሳው ትልቁ ባትሪ ነው፣ ትንሿንም የሚሞላት ከትልቁ የሚወርድ ኤሌክትሪክ ነው።

በዚህ ምክንያት የትንሿ ባትሪ ድካም በፕሪየስ ላይ ለየት ባለ መልክ ይታያል። በተራ መኪና ባትሪ ሲደክም ሞተሪኖው «ጠቅ ጠቅ» ይላል፤ ባለቤቱም ወዲያው ያውቃል። በፕሪየስ ላይ ግን ኮምፒውተሮቹ በቂ ቮልቴጅ ሲያጡ እርስ በርስ መነጋገር ያቅታቸዋል። የፍሬን መብራት፣ የመሪ መብራት፣ ቀዩ ሦስት ማዕዘን፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይበራሉ፤ ማርሹ ከማቆሚያው አይነሳም፤ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ አምስትና ስድስት ኮዶች ይመዘገባሉ። ይህን ያየ ሰው መኪናው በሙሉ የተበላሸ ሊመስለው ይችላል። እዚህ ላይ ሳይለኩ ዕቃ መቀየር የጀመሩ ባለቤቶች ብዙ ገንዘብ ከስረዋል።

ልኬቱ ቀላል ነው። መካኒኮች ቴስተር የሚሉትን መልቲሜትር ይዞ፣ መኪናው ጠፍቶ ለጥቂት ሰዓታት ካረፈ በኋላ የባትሪውን ቮልቴጅ ማንበብ ነው። 12.6 አካባቢ ካነበበ ሙሉ ነው፤ 12.2 ወደ ግማሽ የወረደ ነው፤ ከ12 በታች ከሆነ ደግሞ ወይ መሞላት ወይ መቀየር ያስፈልገዋል። መኪናው ተነስቶ «ሬዲ» የሚለው ጽሑፍ ሲበራ ንባቡ ወደ 14 ቮልት ከፍ ማለት አለበት። ከፍ ካላለ ችግሩ ባትሪው ሳይሆን የሚሞላው ክፍል ነው።

በሁለተኛው ትውልድ ፕሪየስ ባትሪዋ የምትገኘው ከኋላ፣ በቀኝ በኩል፣ ከዕቃ መጫኛው ወለል በታች ነው። የኋላው በር የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ስለሆነ ባትሪዋ ጨርሶ ከሞተች በሩም አይከፈትም። ለዚህ ሲባል ከፊት በኮፈኑ ሥር፣ በፊውዝ ሳጥኑ ውስጥ፣ ቀይ ክዳን ያለው የመሙያ ነጥብ ተሠርቷል። ኬብል ሲገናኝ ፖዘቲቩን ከኔጌቲቭ ማሳሳት በተራ መኪና ላይ ፊውዝ አቃጥሎ ሊያልፍ ይችላል፤ በፕሪየስ ላይ ግን በጣም ውድ የሆነውን የኃይል መቀየሪያ ክፍል ሊያቃጥል ይችላል። እንዲሁም ፕሪየስን ተጠቅሞ የትልቅ መኪና ባትሪ ማስነሳት አይመከርም።

የሲያትል አየር ደግሞ የራሱን ነገር ይጨምራል። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ዝናቡ እምብዛም አያቋርጥም። በእነዚህ መኪኖች ላይ የኋላ መብራቶቹ ጎማ ማሸጊያና የጣሪያው መጋጠሚያ ሲያረጅ ውኃ ወደ ዕቃ መጫኛው ወለል ይገባል፤ የሚጠራቀመውም መለዋወጫ ጎማውና ባትሪዋ ባሉበት ጉድጓድ ነው። ምንጣፉን ገልጦ በእጅ መዳሰስ ምንም አያስከፍልም። እርጥበት ከተገኘ ባትሪ ከመቀየር አስቀድሞ የሚያፈሰውን መድፈን ይገባል፤ አለበለዚያ አዲሷም ባትሪ ዕጣዋ ያው ነው።

ብርቱካናማው ገመድ

ትልቁን ባትሪ ከማየት በፊት ስለ አደጋው መናገር ግድ ይላል። በሃይብሪድ መኪና ውስጥ ብርቱካናማ ቀለም ያለው ገመድ ሁሉ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያልፍበት ነው። የሁለተኛው ትውልድ ባትሪ 201.6 ቮልት አለው፤ ኢንቨርተር የሚባለው ክፍል ይህን እስከ 500 ቮልት ያሳድገዋል። ይህ ንዝረት ብቻ አይደለም፤ ልብ ያቆማል። መኪናው ስለጠፋ ብቻ አደጋው አይወገድም። ከባትሪው ጎን ያለው ብርቱካናማ ማለያ ከተነቀለ በኋላ እንኳ በኢንቨርተሩ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ኃይል ይዘው ይቆያሉ፤ አምራቹ በሁለተኛው ትውልድ ላይ ቢያንስ 5 ደቂቃ፣ በሦስተኛው ላይ 10 ደቂቃ እንዲጠበቅ ያዛል፤ ከዚያም በመልቲሜትር ዜሮ መሆኑ ይረጋገጣል። ማለያው የሚነቀለውም እስከ 1,000 ቮልት የሚከላከል፣ ቀዳዳ እንደሌለው በአየር ተነፍቶ የተፈተሸ የጎማ ጓንት ተለብሶ ነው። የባትሪው ሣጥን ውስጥ ያለው ኃይል ደግሞ ማለያው ቢነቀልም በየሞጁሉ ውስጥ እንዳለ ይቀራል።

በኢንተርኔት ቪዲዮ እያዩ በግቢ ውስጥ ባትሪ የሚፈቱ ሰዎች አሉ። ብዙዎቹ በሰላም ይጨርሳሉ፤ ይህ ግን ሥራው ቀላል መሆኑን አያሳይም። 12 ቮልቷን መለካት፣ የአየር ማስገቢያውን መጥረግ፣ የማቀዝቀዣ ውኃ ማየት የማንም ባለቤት ሥራ ነው። ከብርቱካናማው ገመድ ወዲያ ያለው ግን ሥልጠናውና ጓንቱ ላለው ሰው መተው አለበት።

ጉዳዩ ለሲያትል ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ በነዳጅ ብቻ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነች ወዲህ፣ በአዲስ አበባ ጋራዦችም ብርቱካናማው ገመድ እየተለመደ ነው። የአማርኛው የጋራዥ ቋንቋ ከጣሊያንኛ የወረሳቸው ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮንና ማርሚታ የተባሉት ቃላት አንድ ትውልድ መካኒክ ያስተማሩ ናቸው። ለአዲሱ ክፍል ግን ገና የተስማማንበት ስም የለም፤ ኢንቨርተርን «ኢንቨርተር» ከማለት ሌላ አማራጭ አልተገኘም።

168 ሴሎች፣ አንድ ደካማ

የሁለተኛው ትውልድ ትልቁ ባትሪ በተከታታይ የተያያዙ 28 ሞጁሎች ስብስብ ነው። በእያንዳንዱ ሞጁል ውስጥ 6 ሴሎች አሉ፤ እያንዳንዱ ሴል 1.2 ቮልት ነው። ስለዚህ በጠቅላላው 168 ሴሎች ማለት ነው። የተሠሩት ከኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ነው፤ በስልኮቻችን ውስጥ ካለው ሊትየም ይልቅ የጥንት፣ ነገር ግን ጽኑ የሆነ ዓይነት ነው። ኮምፒውተሩም ይንከባከባቸዋል፦ ሙሉ በሙሉ እንዲሞሉም ሙሉ በሙሉ እንዲራገፉም አይፈቅድም፤ በአብዛኛው ከ40 እስከ 80 በመቶ ባለው መሐል ያቆያቸዋል። ብዙ ባትሪዎች ከአሥር ዓመት በላይ የቆዩበት ምስጢር ይኸው ነው።

የሚገድላቸው ሙቀት ነው። የአሪዞና ወይም የዱባይ ፕሪየስ ባትሪ ከሲያትሉ ቀድሞ የሚደክመው በዚህ የተነሳ ነው። በሳጥኑ ውስጥም ቢሆን ሙቀቱ እኩል አይደለም፤ መሐል ላይ የተቀመጡት ሞጁሎች ከዳር ካሉት ይልቅ ሙቀታቸውን ለማስወጣት ይቸገራሉ፣ ቀድመውም ያረጃሉ። ያረጀ ሴል ውስጣዊ ተቃውሞው ይጨምራል፣ የሚይዘው ኃይል ይቀንሳል። ሞጁሎቹ በተከታታይ የተያያዙ በመሆናቸው አንዱ ሲደክም ሌሎቹ ጤነኛ ቢሆኑም ጠቅላላው ስብስብ በደካማው ልክ ይሠራል።

ኮምፒውተሩ 28ቱን ሞጁሎች ሁለት ሁለት አድርጎ በ14 ጥንድ ይለካል። «ፒ0ኤ80» የሚመዘገበው በጥንዶቹ መካከል ያለው የቮልቴጅ ልዩነት ከገደብ ሲያልፍ ነው። ከዚያ በፊት ግን መኪናው ምልክት ይሰጣል። በስክሪኑ ላይ ያለው ባለ 8 መስመር የባትሪ ምስል ጤነኛ በሆነ መኪና ላይ ብዙውን ጊዜ 6 መስመር አካባቢ ይቆያል፤ በደከመ ባትሪ ላይ ግን በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ከአረንጓዴ ወደ ሐምራዊ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል። ሞተሩ ያለ ምክንያት ቶሎ ቶሎ ይነሳል። ከኋላ ወንበር አካባቢ የሚሰማው የማራገቢያ ድምፅ ይጨምራል። ነዳጅ ሲሞላ የሚያሳየው የማይል ቁጥር ይቀንሳል።

ስለ ማራገቢያው ጥቂት ቆም ማለት ይገባል፤ ርካሹና ከሁሉ በላይ የሚረሳው ነገር እርሱ ነውና። ባትሪው የሚቀዘቅዘው ከተሳፋሪው ክፍል በሚሳብ አየር ነው። የአየሩ ማስገቢያ በቀኝ በኩል ከኋላ ወንበር ጎን፣ በተሳፋሪው ትከሻ አካባቢ ያለች ፍርግርግ ናት። ተሳፋሪ በሚጭን መኪና ላይ ኮት ይጣልባታል፣ ሻንጣ ይደገፍባታል፤ የልብስ ብናኝና የውሻ ፀጉርም ወደ ውስጥ ይሳብና የማራገቢያውን ምላጮች ይሸፍናል። ማራገቢያው እየዞረ አየር ማስገባት ያቅተዋል። በኋላ በወጡ ሞዴሎች ላይ ማጣሪያ ተጨምሯል፤ በአሮጌው ላይ ግን በየዓመቱ ፈትቶ ማጽዳት የግድ ነው። ቀኑን ሙሉ ተሳፋሪ የሚጭን ሹፌር በዓመት ሁለት ጊዜ ቢያደርገው አይበዛበትም። እንደ ጅዳና ዱባይ ባሉ ሞቃት ከተሞች መስኮት ዘግቶ ያለ ኤሲ መንዳት ለሰው ብቻ ሳይሆን ለባትሪውም ስቃይ ነው።

ባትሪው ራሱ ሲመረመር ጥሩ መካኒክ በመጀመሪያ የ14ቱን ጥንዶች ቮልቴጅ መኪናው ቆሞ ሳይሆን እየተነዳ፣ በተለይም ዳገት ሲወጣና ፍሬን ሲይዝ ይመለከታል። ሲያትል ዳገት አይቸግራትም። አንድ ጥንድ በዳገቱ ላይ ከሌሎቹ በግልጽ ወርዶ፣ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ከሌሎቹ በላይ ከተወነጨፈ ያ ጥንድ ደክሟል። ሁሉም እኩል እየወጡና እየወረዱ ሳለ ኮዱ ከመጣ ግን ሌላ ተጠርጣሪ አለ፤ ሞጁሎቹን የሚያገናኙት የመዳብ ሰሌዳዎችና ቮልቴጅ የሚለኩት ቀጫጭን ሽቦዎች። በእርጥበት ምክንያት መዳቡ አረንጓዴ ዝገት ሲይዝ ኮምፒውተሩ የተሳሳተ ቮልቴጅ ያነባል። ባትሪው ጤነኛ ሆኖ ዝገቱን በማጽዳት ብቻ የዳነ መኪና ብርቅ አይደለም።

ሳጥኑ ሲከፈት ጤነኛ ሞጁል ባረፈበት 7.6 ወይም 7.8 ቮልት ያነባል። ከመካከላቸው አንዱ 6.5 አካባቢ ካነበበ አንድ ሴል ሞቶበታል፤ ጉድለቱ የአንድ ሴል ቮልቴጅ ያህል መሆኑን ልብ ይሏል። ነገር ግን ሞጁሉ ሲያርፍ ያለው ንባብ ብቻውን አይበቃም። ደካማ ሞጁል አርፎ ሳለ ጤነኛ ሊመስል ይችላል፤ የፊት መብራት አምፖል ለሁለት ደቂቃ አገናኝቶ ቮልቴጁ ምን ያህል እንደሚወርድ ማየት እውነቱን ያወጣዋል።

አንድ ሞጁል ወይስ ሙሉ ባትሪ?

በዚህ ጊዜ ሦስት መንገዶች ይቀርባሉ። የሞተውን ሞጁል ብቻ በአገለገለ ሞጁል መተካት በጣም ርካሹ ነው፤ ግን ከሌሎቹ 27ቱም ተመሳሳይ ዕድሜ ያላቸው በመሆናቸው፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላው ተራውን ይወድቃል። የመኪናውን ባለቤት ደጋግሞ ወደ ጋራዥ የሚያመላልሰው ይህ ዓይነቱ ጥገና ነው። መኪናውን በቅርቡ ሊሸጥ ላሰበ ሰው፣ ለገዢው ነግሮ ከሆነ፣ ትርጉም ይኖረው ይሆናል፤ በመኪናው እንጀራ ለሚበላ ሰው ግን ሥራ ያጣባቸው ቀናት ዋጋ ሲታሰብ ርካሽ አይደለም።

ሁለተኛው፣ ከተለያዩ አሮጌ ባትሪዎች ሞጁሎች ተመርጠው የሚገጣጠመው የታደሰ ባትሪ ነው። የዚህ ጥራት ከሻጭ ሻጭ በእጅጉ ይለያያል። ሻጩ ሞጁሎቹን በሚይዙት ኃይል መጠን ለክቶ ያዛመዳቸው እንደሆነ፣ የመዳብ ሰሌዳዎቹን አድሶ እንደሆነ፣ ዋስትናው የሥራውንም ዋጋ ይሸፍን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሦስተኛው አዲስ ባትሪ ነው። ዋጋው ይከብዳል፤ ነገር ግን የተቀረው የመኪናው አካል፣ ሞተሩ፣ ወለሉና ፍሬኑ ጤነኛ ከሆነ፣ ለብዙ ዓመታት የሚሠራ መኪና ያስገኛል። ስለዚህ ከባትሪው በፊት የሚመረመረው ሌላው አካል ነው። በሞተሩ ዘይት የሚበላ መኪና ላይ አዲስ ባትሪ መትከል ያረጀ ቤት ላይ አዲስ ጣሪያ እንደ መምታት ነው።

በየትኛውም መንገድ ቢሆን ማራገቢያው ሳይጸዳ ባትሪ አይገጠም። አሮጌው ባትሪም ዋጋ ያለው ዕቃ ነው፤ ሻጮች ሲረከቡት ከዋጋው ላይ ይቀንሳሉ።

ቀዩ ሦስት ማዕዘን ሌላም ስም አለው

ሌላው የሁለተኛው ትውልድ ታዋቂ ብልሽት የኢንቨርተሩ የውኃ ፖምፓ ነው። ኢንቨርተሩ ሲሠራ ስለሚሞቅ ከሞተሩ የተለየ የራሱ የማቀዝቀዣ ውኃ መስመር አለው፤ ውኃውን የሚያዞረው አንዲት ትንሽ ኤሌክትሪካዊ ፖምፓ ናት። ስትሞት መኪናው በዳገት ወይም በሞቃት ቀን ቀዩን ሦስት ማዕዘን ያበራል፣ ኃይል ይቀንሳል፤ ጥቂት ካረፈ በኋላ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ይሄዳል። ኮዱ ብዙውን ጊዜ «ፒ0ኤ93» ነው። መሞቱን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ኮፈኑ ተከፍቶ፣ መኪናው በ«ሬዲ» ላይ እያለ የኢንቨርተሩን የውኃ መያዣ ክዳን ከፍቶ ማየት ይበቃል። ውኃው የሚንቀሳቀስ ከሆነ ፖምፓዋ በሕይወት አለች፤ ረግቶ ከቆመ ፊውዟ ወይም ራሷ ሞታለች።

ቶዮታ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2012 በዓለም ዙሪያ ወደ 2.77 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖችን በዚህች ፖምፓና በመሪ ዘንግ ምክንያት ለጥገና ጠርቶ ነበር። ከእነዚያ መኪኖች አንዱን የገዛ ሰው ጥገናው ተደርጎለት እንደሆነ በሻንሲ ቁጥሩ ከአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር ድረ ገጽ ላይ በነፃ ማየት ይችላል።

በሦስተኛው ትውልድ ላይ ደግሞ የሚፈራው የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው፤ በሞተሩ አካልና በቴስታታው መካከል ሆኖ ውኃውን ከቃጠሎው የሚለየው ማሸጊያ። ሲሳሳ የማቀዝቀዣ ውኃ ሌሊቱን ጠብ ጠብ እያለ ወደ አንዱ ሲሊንደር ይገባል። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ መኪናው ለጥቂት ሰኮንዶች በኃይል ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ይረጋጋል። ብዙ ሹፌሮች ይህን ለብርዱ ይሰጡታል። ከመሬት ላይ ጠብታ ሳይታይ የውኃው መጠን ቀስ በቀስ መውረዱ ግን ምስክር ነው። በርካታ መካኒኮች መነሻውን ከተቃጠለ ጋዝ መመለሻው መስመር ጋር ያያይዙታል፤ መስመሩ በጥላሸት ሲደፈን የቃጠሎው ሙቀት ይጨምራል፣ ጓርኒሲዮኑም ይጎዳል። ስለዚህ መስመሩን በጊዜው ማጽዳት ከሙሉ የቴስታታ ሥራ ጋር የማይወዳደር ወጪ ነው። ጥርጣሬ ሲኖር ከውኃው በላይ ያለውን አየር በልዩ ሰማያዊ ፈሳሽ መፈተሽ ይቻላል፤ የቃጠሎ ጋዝ ከደረሰበት ፈሳሹ ወደ ቢጫ ይለወጣል።

ስለ ፍሬን የሚባለው አጭር ነው። ፕሪየስ ሲቆም የሚያባክነውን ኃይል ወደ ባትሪው ስለሚመልስ የፍሬን ሸራው ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ነገር ግን በደንብ ስለማይሠራ በዝናብ አገር ላይ የካሊፐሩ ፒኖች ዝገው ይጣበቃሉ። ሸራው ወፍራም ሆኖ መገኘቱ መፈታት አያስፈልገውም ማለት አይደለም። የሹፌሩ በር ሲከፈት ለጥቂት ሰኮንዶች የሚሰማው የፖምፓ ድምፅ ጤነኛ ነው፤ መኪናው ቆሞ በየጥቂት ሰኮንዱ የሚደጋገም ከሆነ ግን የፍሬኑ ግፊት ከውስጥ እየለቀቀ ነው፣ ይህም ሳይውል ሳያድር መታየት ያለበት ነው።

አንድ ማለዳ መኪናው ሲነሳ እንደ ጭነት መኪና ካገሳ ደግሞ ኮድ ማንበብ አያስፈልግም፤ ከሥሩ ጎንበስ ብሎ ማየት ነው። የፕሪየስ ካታሊቲክ ኮንቨርተር ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የተባሉ ውድ ብረቶች ስላሉበት፣ በተለይ የሁለተኛው ትውልድ መኪኖች የሌቦች ዒላማ ሆነዋል። የዋሽንግተን ስቴት እ.ኤ.አ. በ2022 ቁርጥራጭ ብረት በሚገዙ ላይ ጥብቅ ምዝገባ ቢያዝም፣ በብረት መከላከያ ሰሌዳ ማሸፈን አሁንም ይመከራል። ከተሰረቀ በኋላ ርካሽ ምትክ የሚገጥም ሰው ደግሞ «ፒ0420» የተባለው ኮድ ሊከተለው እንደሚችል ማወቅ አለበት፤ በምትኩ ውስጥ ያለው የውድ ብረት መጠን ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ያነሰ ነውና።

ያገለገለ ፕሪየስ ለመግዛት ያሰበ ሰውም እነዚህኑ ነገሮች በተቃራኒው ቅደም ተከተል ሊጠቀምባቸው ይችላል። ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ አሙቆ እንዳይጠብቀው ከመምጣቱ በፊት ስልክ ሳይደውል፣ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ቢመጣ ይሻላል። ሲነሳ መንቀጥቀጡን፣ የሁለቱንም ውኃ መያዣዎች መጠን፣ የኋላ ምንጣፉን እርጥበት፣ የኋላ ወንበር ጎን ያለችውን ፍርግርግ አቧራ ያያል። ከዚያም ዳገት ይወጣና በስክሪኑ ላይ የባትሪው መስመሮች ምን ያህል በፍጥነት እንደሚወርዱ ይመለከታል። መጨረሻ ላይ የሃይብሪዱን ኮምፒውተር ማንበብ የሚችል መሣሪያ ያለው መካኒክ እንዲያየው ሻጩን ይጠይቃል። ኮዶቹ በሙሉ ባለፈው ሳምንት ተደምስሰው ከተገኙ፣ ይህ ራሱ መልስ ነው።